አራስ ጎረቤት እያለችኝ ኮምፕሬሰር ስገዛ

ይህን ቤት ስንከራይ እትዬ፣ ማለቴ አከራያችን፣ አንድ ነገር ብቻ ነው ያስጠነቀቁኝ። «ልጄ፣ እንጨትህን ሥራ። ግቢዬን ግን ጎሚስታ ቤት እንዳታደርግብኝ።» እኔም «ኧረ እትዬ!» ብዬ ሳቅሁ። ዓመት ሳይሞላ ግቢያቸውን ጎሚስታ ቤት አደረግሁት።

በትርፍ ሰዓቴ እንጨት እሠራለሁ። ኮሜዲኖ፣ መደርደሪያ፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ፣ እንዲህ ያሉ ነገሮች። የምሠራባት ከዋናው ቤት ጀርባ ያለች ሰርቪስ ቤት ናት። ሦስት በአራት፣ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። ለብዙ ጊዜ ቫርኒሽ በብሩሽና በጨርቅ ነበር የምቀባው። ደንበኛ ግን የፋብሪካ የሚመስል ልስላሴ ይፈልጋል። ያ ደግሞ በአየር ግፊት ካልተረጨ አይመጣም።

የመጀመሪያውን ኮምፕሬሰር፣ ማለትም አየር አምቆ የሚሰጠውን ማሽን፣ ርካሽነቱን አይቼ ነው የገዛሁት። 24 ሊትር ታንከር፣ ሁለት የፈረስ ጉልበት፣ ቀይ፣ የምታምር። «ድምፁስ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሻጩ «ድምፁ ምንም ችግር የለውም» አለኝ። እውነቱን ነው። ለእሱ የለውም።

ቅዳሜ ጠዋት ሶኬት ላይ ሰካሁት። ጣሪያው ቆርቆሮ መሆኑን ያን ቀን በደንብ ገባኝ። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ከወለደች ሁለት ሳምንቷ ነበር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት ገና ሳልሄድ ልጇን ቀሰቀስኩባት። የአራሷ እናት ነጠላቸውን አገልድመው በሩ ላይ ቆሙ። ምንም አላሉም። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ማሽኑን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያስነሳሁት። ከዚያ በኪሳራ ሸጥኩት።

ሁለተኛውን ከመግዛቴ በፊት ሁለት ወር አነበብኩ፣ ጠየቅሁ፣ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። የምጽፈው ያን ሁለት ወር ላሳጥርላችሁ ብዬ ነው። ዋጋ አልጽፍም። ጽፌ ሳልጨርስ ይለወጣል።

ለምን እንደዚያ እንደሚጮህ በጣም ዘግይቼ ነው የገባኝ። ምሥጢሩ ሞተሩ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ አለ። የኛ ሀገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በዚህ መብራት የሚሠራ ተራ ሞተር ወይ በደቂቃ 2,850 ዙር ገደማ ይሽከረከራል፣ ወይ 1,400 ገደማ። የመጀመሪያው ርካሽና ቀላል ነው። አየሩን የሚጨምቀው ፒስተን በቀጥታ ከሞተሩ ጋር ስለተያያዘ እሱም በደቂቃ 2,850 ጊዜ ይመላለሳል። ጩኸቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። 1,400ው ፍጥነቱ በግማሽ ስለሆነ ድምፁም ይወርዳል፣ እድሜውም ይረዝማል። ሻጮች «ሳይለንት» የሚሉት ዘይት የማይጠጣ ኮምፕሬሰር አብዛኛውን ጊዜ ይሄኛው ነው። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የዙሩን ቁጥር እዩ። «ሳይለንት» የሚለውን ጽሑፍ ማንም ይለጥፈዋል። እኔ «ሳይለንት» ተብሎ 2,850 የተጻፈበት በዓይኔ አይቻለሁ።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ዴሲቤል፣ የድምፁ መጠንስ? ብዙ አትመኑት። ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ግን ከስንት ሜትር ላይ እንደተለካ ካልተጻፈ ምንም አይነግራችሁም። ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። አራት ሜትር ላይ 60 የተለካ ማሽን አንድ ሜትር ላይ 72 ነው ማለት ነው። ማሽኑ ግን ያው ነው። ደግሞ ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም። አስር ሲጨምር ለጆሯችን እጥፍ የጮኸ ያህል ነው። ስለዚህ በ68ና በ78 መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለም። አንዳንዱ ፋብሪካ ደግሞ ማሽኑ በጠቅላላ የሚያወጣውን የድምፅ ጉልበት ይጽፋል፣ ሌላው ጆሮ ጋ የሚደርሰውን። የመጀመሪያው ቁጥር ሁልጊዜ ከፍ ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ጤፍን በሜትር እንደመለካት ነው።

እኔ ስልኬ ላይ የድምፅ መለኪያ ጫንኩ። ስልክ ትክክለኛ መለኪያ አይደለም፤ ሁለት ማሽን ለማወዳደር ግን ይበቃል። ቀይዋ ክፍሌ ውስጥ 93 አካባቢ ነበረች። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ጥናት ተቋም፣ ናዮሽ፣ ለስምንት ሰዓት ሥራ የሚመክረው ጣሪያ 85 ነው። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በ94 አንድ ሰዓት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ለጎረቤት እንጂ ለራሴ ጆሮ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን አንድ ጎሚስታ ነው። መንገድ ዳር ያለ፣ የብረት ፒስተን ያለው ትልቅ ኮምፕሬሰር በቺንጋ የሚያስነሳ። የሱን ዓይነት ልግዛ ብዬ ነበር የሄድኩት። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ዱክ ዱክ ይላል እንጂ ጆሮ አይበሳም። ቺንጋው ዙሩን ስለሚቀንስለት ነው። ጎሚስታው ጎማ እየፈታ ሰማኝና «ሥራህ አየር ስንት ይበላል?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «እንግዲያው ምን ልትገዛ ነው?» አለና ወደ ጎማው ተመለሰ።

ትክክል ነው። ዝም የሚል ኮምፕሬሰር መግዛት ማለት የሚያስፈልገኝን ያህል ብቻ የሚሠራ መግዛት ማለት ነው። ትልቅ ማሽን ይጮኻል። ትንሽ ማሽን ደግሞ አየር አልደርስ ሲለው ሳያቋርጥ ይጮኻል። ጎረቤት ላይ የሚብሰው ሁለተኛው ነው።

ስለዚህ ሥራዬን ቆጠርኩ። ቀጭን ሚስማር በአየር መምታት ምንም አየር አይበላም ማለት ይቻላል። 50 ሊትር ታንከር ከሞላ ኮሜዲኖ ሙሉ መትቼ ሞተሩ ላይነሳ ይችላል። አቧራ ማራገፍ ከዚያ ይበልጣል፤ ግን ለአፍታ ነው። ሆዳሙ የቀለም መርጫው ነው። ጋራዥ ቤት የሚይዙት ትልቁ መርጫ፣ አፉ 1.4 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ በደቂቃ 300 ሊትርና ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። ትንሹ፣ አፉ 0.8 ወይም 1 ሚሊ የሆነው፣ በ100 ሊትር ገደማ ይሠራል። በአየር የሚሽከረከር የብርጭቆ ወረቀት ማሽን ግን ከቤት ኮምፕሬሰር ጋር አታስቡት። የመብራቱን ግዙ።

እዚህ ላይ ሦስት መንገድ ነበረኝ።

አንዱ የፍሪጅ ሞተር ነው። ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ከተጣለ ፍሪጅ የወጣ ሞተር ታገኛላችሁ። ድምፁ እንደ ፍሪጅ ነው፤ ሌሊት ቢሠራ ማንም አይሰማውም። አንድ ጓደኛዬ ሠርቶ አሳይቶኝ ልቤ ሸፍቶ ነበር። ግን የሚሰጠው አየር በጣም ትንሽ ነው። ለጥቃቅን ሥዕል መርጫ እንጂ ለኮሜዲኖ አይሆንም። ዘይትም ይተፋል። ጓደኛዬ ደግሞ የአየሩን ታንከር ያገኘው ከማይታወቅ አሮጌ ሲሊንደር ነው። ዝገት የበላው ታንከር ሲፈነዳ ቦምብ ነው። በቁጠባ ስም እዚያ ውስጥ አትግቡ።

ሁለተኛው ከአሜሪካ ነው። የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ናት። «እዚህ ርካሽ ነው፣ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ልላክልህ» አለችኝ። ደግነቷ ይመስገን። ግን የነሱ መብራት 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው። ቮልቱን ትራንስፎርመር ያስተካክላል። ኸርዙን ግን አያስተካክልም። ያ ሞተር እዚህ መጥቶ ከታሰበለት ዙር አንድ ስድስተኛውን ያጣል፣ በላዩም ይሞቃል። ትራንስፎርመሩም ሞተር ሲነሳ የሚስበውን ጉልበት እንዲችል ከባድ መሆን አለበት። ይቅርብኝ አልኩ። እሷም በምትኩ ጥሩ የጆሮ መከላከያ ላከችልኝ።

ሦስተኛው የጎሚስታው ዓይነት ነው። እድሜው ረጅም ነው፣ መለዋወጫው የትም አለ። ግን ዘይት ይጠጣል። የዘይቱ ጭጋግ ከአየሩ ጋር ይወጣና ቫርኒሹ ላይ የዓሣ ዓይን የሚመስሉ ቀዳዳዎች ያወጣል። በደህና ፊልትሮ መያዝ ይቻላል። ግቢው የራሴ ቢሆን ኖሮ እሱን ነበር የምገዛው። ለተከራይ ግን ክብደቱም አለ፤ ወፍራም ድምፅም በመሬት በኩል ይሄዳል።

በመጨረሻ የገዛሁት 50 ሊትር፣ ዘይት የሌለው፣ 1,400 ዙር፣ ሁለት ትንንሽ ሞተር ያለው ነው። ሁለት መሆኑ አንዱን አጥፍቶ በአንዱ ለመሥራት ይጠቅማል። ማታ ማታ በአንዱ ብቻ ነው የምሠራው።

መርካቶ ውስጥ ግን ድምፅ መለካት ቀልድ ነው። ሱቁ ራሱ 75 ዴሲቤል ነው፤ ተሸካሚው ይጮኻል፣ ሚኒባሱ ጡሩምባ ይነፋል። እዚያ ሁሉም ማሽን ጸጥ ያለ ይመስላል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ የለካሁት ድምፁን ሳይሆን አየሩን ነው። ባለሱቁን «እባክህ ሰካልኝ» አልኩት። ጌጁ፣ የግፊት መለኪያው፣ 4 ባር ላይ ሲደርስ የስልኬን ሰዓት አስነሳሁ፣ 6 ባር ላይ አቆምኩ። 70 ሰከንድ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የ2 ባር ልዩነት በ50 ሊትር ሲባዛ 100 ሊትር። በ70 ሰከንድ 100 ሊትር ማለት በደቂቃ 85 ሊትር ገደማ ነው። ካርቶኑ ላይ 200 ይላል። ባለሱቁ ተናደደ። «ወንድሜ፣ ሁሉም እንዲህ ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ ሁሉም እንዲህ ነው። ካርቶኑ የሚጽፈው ፒስተኑ የሚጎርሰውን ነው እንጂ ከአየር ማስተላለፊያው ጎማ የሚወጣውን አይደለም።

በዚያ ላይ የኛ ከተማ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። ውሃ እንኳን እዚህ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ገደማ ያንሳል። ፒስተኑ የሚጎርሰው ያው ነው፤ ጉርሻው ግን ስስ ነው። ስለዚህ ውጭ ሀገር ያለ ሰው በቪዲዮ «ይሄ ለመርጫ በደንብ ይበቃል» ቢል ከላዩ ላይ ሩቡን ቀንሱ። ይህንን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቀይዋ ለምን ቶሎ ቶሎ ትነሳ እንደነበር የገባኝ ሸጫት ካበቃሁ በኋላ ነው።

ቤት ሳመጣው አንድ ሜትር ላይ 68 አካባቢ ለካሁ። ካርቶኑ 60 ነው ያለው። ያም ሆኖ አጠገቡ ቆሜ በስልክ ማውራት እችላለሁ። ከቀይዋ ጋር ሲነጻጸር ሰማይና ምድር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የቦታ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተሳስቻለሁ። መጀመሪያ ሲሚንቶው ላይ በቀጥታ አስቀመጥኩት። ወለሉ ራሱ ጮኸ። ምናለሽ ተራ ሄጄ በረባሶ ከሚሠሩበት አሮጌ የመኪና ጎማ ቁራጭ ገዛሁና እግሮቹ ሥር ሁለት ሁለት ደረብኩ። ያቺ ጥቂት ብር ካወጣሁት ሁሉ የበለጠ ሠራች።

ቀጥሎ ኤምዲኤፍ ከሚባለው የፋብሪካ ጣውላ ሳጥን ሠራሁለት። ውስጡን በስፖንጅ ለጠፍኩት። በጣም ኮራሁበት። ዝም አለ! ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ጨርሶ ዝም አለ። ሞተሩ ግሎ የሙቀት መቁረጫው አጥፍቶት ነው። ዘይት የሌለው ኮምፕሬሰር ብዙ ይሞቃል፤ እንደ ጋቢ የሚጠቀለል ነገር አይደለም። ሳጥን ከሠራችሁ አየር በአንድ በኩል የሚገባበት፣ በሌላ በኩል የሚወጣበት የተጠማዘዘ መንገድና ማራገቢያ ያስፈልገዋል። እኔ ሳጥኑን ፈታሁትና መደርደሪያ አደረግሁት። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍም ሞክሬያለሁ። ምንም አያደርግም። ድምፅን የሚያግደው ክብደት ነው።

ክብደት ስል ደግሞ የናቅነው የጭቃ ግድግዳ ድምፅ በማገድ ቆርቆሮን በሩቁ ያስከነዳል። ወፍራምና ከባድ ነው። ታዲያ ድምፁ በየት ነው የሚወጣው? ማታ መብራት አብርቼ ከውጭ አየሁ። በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ዙሪያውን እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። በሩ ሥርም አለ። ብርሃን በወጣበት ሁሉ ድምፅም ይወጣል። የላዩን ክፍተት ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ደፈንኩት፤ በሩ ሥር የጎማ ጠርዝ መታሁ። በአራሷ በኩል ባለው አጥር ላይ ስለካ ከአካባቢው ድምፅ ለይቼ መስማት አቃተኝ። አንዲት መስኮት በእትዬ ግቢ በኩል ተውኩ። አየር ያስፈልጋላ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ላከር የሚባለውን ቶሎ የሚደርቅ ቫርኒሽና ቲነር የምትረጩ ከሆነ ኮምፕሬሰሩ እዚያው ክፍል ውስጥ መሆን የለበትም። ሲነሳና ሲጠፋ ማብሪያው ውስጥ ብልጭታ አለ። የቲነር ትነት ደግሞ እሳት ይስባል። እኔ ኮምፕሬሰሩን ውስጥ ትቼ ረጅም የአየር ጎማ ስቤ ውጭ፣ ዳሱ ሥር ነው የምረጨው። ጭምብል አድርጌ፣ የከሰል ፊልትሮ ያለውን።

ስለ ጎማ ካነሳሁ፣ የአየሩን ጎማ አርዝሙ እንጂ የመብራቱን ገመድ አታርዝሙ። እኔ በቀጭን ኤክስቴንሽን ሃያ ሜትር ወስጄው ነበር። እትዬ በዚያ ሰዓት እንጀራ እየጋገሩ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱና እኔ በአንድ ቆጣሪ ላይ ነን። ማብሪያውን ስነካው «እንንን» ብሎ ቀረ። አልተሽከረከረም። ሁለቴ ሞከርኩ፣ የተቃጠለ ሸተተኝ። ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ሄደ። ደግነቱ ተራ ዕቃ ነው፤ በማግሥቱ ቀየርኩት። ጥፋቱ የኔ ነበር። አሁን ወፍራም ገመድ በቀጥታ ከብሬከሩ አስገብቻለሁ፤ እትዬ ምጣድ ሲጥዱ ደግሞ እጄን ሰብስቤ ቡና እጠጣለሁ።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን የሌሊቱ ነው። አንድ ማታ እየሠራሁ መብራት ሄደ። ዘግቼ ገባሁ። ማብሪያውን አላጠፋሁትም። አየሩም በትንሿ ማያያዣ እየሾለከ ታንከሩ ባዶ ሆኗል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ኮምፕሬሰሩም «ቤቶች!» ብሎ ተነሳ። ሁለቱም ሞተር። በዚያ ጸጥታ 68 ዴሲቤል ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። በካልሲ ሮጥኩ። ከአጥሩ ማዶ ሕፃኗ ስታለቅስ ሰማሁ። አሁን ሥራ ስጨርስ ማብሪያውን አጥፍቼ ሶኬቱንም እነቅላለሁ። ማያያዣዎቹን ሁሉ በሳሙና አረፋ ፈትሻለሁ፤ አረፋው በሚነፋበት ቦታ ቴፍሎን ጠቀለልኩ። አየር ካላፈሰሰ ሞተሩም ቶሎ ቶሎ አይነሳም። የጸጥታው ግማሽ ይሄ ነው።

ውሃውንም አትርሱ። ከታንከሩ ሆድ ሥር መክፈቻ አለ። በተጠቀማችሁ ቀን ሁሉ ክፈቱት። በክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ከኔ የሚወጣው ውሃ ግማሽ ሲኒ ይሆናል። ካልወጣ ታንከሩን ከውስጥ ይበላዋል፤ ከመርጫው ጋር ከወጣ ደግሞ ላከሩ እንደ ወተት ይነጣል። መርጫው ጋ ትንሽ የውሃ ማጣሪያ ግጠሙለት።

በ85 ሊትር በትንሹ መርጫ ኮሜዲኖ በምቾት እረጫለሁ። አንድ ፊት ረጭቼ ትንሽ እጠብቃለሁ፤ ጌጁ ከ3 ባር በታች ሲወርድ እጄን እመልሳለሁ። ቁም ሳጥን ግን አልችልም። ሲመጣ ትልቅ ማሽን ያለው ልጅ ጋ እወስደዋለሁ። ለዓመት ሁለት ቁም ሳጥን ብዬ ትልቅ ማሽን እዚህ ግቢ አላስገባም።

ሰማንያ ቀን ሲሞላት ሕፃኗ ክርስትና ተነሳች። ዋዜማውን እትዬ በሬን አንኳኩ። ከኋላቸው አባትየው አንድ ከረጢት ሙሉ ፊኛ ይዞ ቆሟል። «ልጄ፣ ያንን ማሽንህን አስነሳው እስቲ» አሉኝ። በአንድ ሞተር፣ በቀስታ ነፋሁላቸው። አራት ፈነዱ።